ቁስሉ አለ፤ ወረቀቱስ?

የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመተ። በጦርነቱ 121 ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ 536 ቆሰሉ፤ የተማረከ የለም። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ግን የኮሪያ ዘማች መሆን የሚያስኮራ መሆኑ ቀረ። በ1983 ደግሞ የደርግ ሠራዊት ራሱ ፈረሰ። ክፍሉ የተበተነበት ቁስለኛ አዛዡንም መዝገብ ቤቱንም የት ያግኝ?

በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በ1973 እ.ኤ.አ. በተነሣ ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት የወታደር ፋይል ወድሟል። መንግሥት ግን «ፋይልህ የለም» ብሎ በሩን አልዘጋም፤ የሕክምና ማስረጃና የዘመቻ ጓዶችን ምስክርነት ይቀበላል።

የእኛም የጡረታ ሕግ በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት ከሌላው ይለያል። ሾላ ገበያ በክራንች የሚያልፉ አንድ የቀድሞ ወታደር የት እንደቆሰሉ አይጠፋቸውም፤ የሚቸግራቸው ማስረጃው ነው። ጓዶቻቸው በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይመዝገብ፤ ነገ ምስክርም አይኖርም።