እንደ መድኃኒት የሚታዘዝ ምግብ፦ የወላይታ እናቶች ያዩት ለውጥ

ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ለመጠየቅ ምግብ ይዛችሁ ስትሄዱ ነርሷ መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ ትጠይቃለች። የደም ግፊት ላለበት ጨው መቀነስ አለበት። የስኳር ሕመም ላለበት ጣፋጭ አይሰጥም፤ የሚበላውም መጠንና ሰዓት አለው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ምግብ፣ ከዚያ በኋላ ነው የቤቱን ምግብ የሚበላው። ምግብም እንደ መድኃኒት በሐኪም ይታዘዛል ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ በጥንቃቄ የሚለካው ግን በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ነው። በእኛ በወላይታ የዚህ ምግብ ታሪክ የብዙ እናቶች ታሪክ ስለሆነ ዛሬ ስለ እርሱ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ።

በ1992 ዓ.ም. የነበረውን ችግር የምታስታውሱ አባላት ብዙ ናችሁ። የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ቀረ። በቆሎው ሲጠፋ፣ በክረምቱ ፊት ያለውን የረሃብ ወቅት የሚያሻግረን ስኳር ድንችም አልተገኘም። ከሩቅ የመጣ ሰው ግን አረንጓዴ ኮረብታና የቆመ እንሰት ነበር የሚያየው። “አረንጓዴ ረሃብ” የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚህ ነው። ቆጮ ሆድ ይሞላል፤ ነገር ግን ያለው ፕሮቲን በጣም ጥቂት ነው። ባቄላ፣ ወተት ወይም እንቁላል ካልታከለበት ሕፃን ልጅ ጠግቦም ሊጎዳ ይችላል።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ ሁለት ዓመት አልሞላውም። እናቴ ሌላ ልጅ ስለፀነሰች ጡት ጥሎ ነበር። እግሩና ፊቱ ሲያብጥ “ልጁ ወፈረ” ያሉም ነበሩ። ይህን በሽታ ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባሉ ሐኪም በዛሬዋ ጋና ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1933 በሕክምና መጽሔት ጽፈውበታል። “ክዋሺዮርኮር” የሚለውን ስም የወሰዱት ከአገሬው ከጋ ቋንቋ ነው፤ ተከታዩ ሲመጣ ከጡት የተገፋ ልጅ የሚይዘው ሕመም ማለት ነው። የወንድሜ ነገር ልክ እንደዚያው ነበር።

እናቴ አዝላው ወደ ሕክምና መመገቢያ ማዕከል ሄደች፤ አንድ ወር ያህልም አብራው ተኛች። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርቴን ትቼ ለታናናሾቼ አበሰልኩ፣ ውኃ ቀዳሁ። ወንድሜ ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን እናቴ ስትመለስ የቅቤ ንግዷ መነሻ ገንዘብ ተበልቶ አልቆ ነበር፤ እኔም ሁለተኛ ክፍልን ደገምኩ። ዛሬ የሒሳብ ባለሙያ ሆኜ ሳስበው፣ ይህ ወጪ በማንም መዝገብ አልገባም።

ለምን አንድ ወር? ለተጎዳ ሕፃን ወዲያው ብዙ ምግብ መስጠት ሊገድለው ይችላል፤ ልብና ኩላሊቱ አይችሉም። ስለዚህ መጀመሪያ ኤፍ 75 የተባለው ወተት ይሰጣል። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ያለው ሲሆን በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በልጁ ክብደት ልክ ተሰፍሮ ይጠጣል። እብጠቱ ሲቀንስና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ 100 ኪሎ ካሎሪ ወዳለው ኤፍ 100 ይሸጋገራል። የሚያከብደው ግን ወተቱ በንጹሕ ውኃ መበጥበጥ ያለበትና ቶሎ የሚበላሽ መሆኑ ነው። ቤት ወስዶ ማጠጣት አይቻልም ነበር፤ እናት መተኛት ነበረባት። ብዙ ተላላፊ በሽታ ያለባቸው ሕፃናትም በአንድ ቦታ ይከማቻሉ።

መፍትሔው የመጣው ከለውዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብሪያንድ ከሚሼል ሌስካን ጋር ሆነው የኤፍ 100ን ይዘት በለውዝ ቅባት፣ በወተት ዱቄት፣ በስኳርና በዘይት አዋሕደው ፕላምፒኔትን ሠሩ። ውኃ ስለሌለበት ተህዋስያን በቀላሉ አይራቡበትም። 92 ግራም የሚመዝነው አንድ ፓኬት 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ ልጁም ከፓኬቱ እየጨመቀ ይበላል።

ይህ ምግብ ቤት ሄዶ ይሠራ እንደሆነ ቀድሞ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ ጎረቤታችን ነው፤ በሀዲያ ዞን የነበረው የባደዋቾ ወረዳ። ከመስከረም እስከ ጥር 1993 ዓ.ም. ድረስ 170 በጣም የተጎዱ ሕፃናት እናታቸው ቤት ሆነው ታከሙ። ሐኪሙ ስቲቭ ኮሊንስና ባልደረባቸው ኬት ሳድለር ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡት። 144ቱ አገገሙ፣ 7ቱ ሞቱ፣ 11ዱ ወደ ሌላ ሕክምና ተላለፉ፣ 8ቱ አቋረጡ። ድምሩ 170 ነው፤ አንድም ልጅ ሳይቆጠር አልቀረም። እናቴ ከማዕከሉ በወጣች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ እናቶች ቤታቸው ሆነው ልጃቸውን ያድኑ ጀመር።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2007 ደገፉት። በአገራችን ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መንገድ ከፍቶለታል። በ2000 ዓ.ም. ወላይታንና የደቡቡን ክፍል ዳግም ችግር ሲመታ ሕክምናው እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ ወረደ። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የልጁን ክንድ ትለካለች፣ እብጠቱን ታያለች፣ የምግብ ፍላጎቱን ትፈትናለች። ሌላ ሕመም ከሌለው የሳምንቱን ፓኬት ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሚተኛው ትውከት፣ ከባድ ሕመም ወይም የምግብ እምቢታ ያለበት ብቻ ነው፤ ለእርሱ ዛሬም ኤፍ 75 ይሰጠዋል።

እኅቶቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ቁም ነገር አለ። ፓኬቱ ለታመመው ልጅ ብቻ የታዘዘ ነው፤ ለታናናሾቹ ሲካፈል ሕክምናው ይጓደላል። ልጁ ካገገመ በኋላም ወደ ቆጮ ብቻ ከተመለሰ ዞሮ ይታመማል፤ ከቁጠባችን ለባቄላና ለእንቁላል የሚሆን ጥቂት መመደብ ይገባል።

ልጅ ይዛ ለምትተኛ አባል ደግሞ ሁለት ነገር እንድናደርግ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ የወር ቁጠባዋንና የብድር ክፍያዋን ያለ ቅጣት እናራዝምላት፤ ቤት ለቀሩት ልጆቿም በተራ እንድረስላቸው። ደጋፊዎቻችንም የሕክምናን ወጪ ስታሰሉ የእናቲቱን የሥራ ቀናትና ከትምህርት የምትቀረውን ታላቅ ልጅ አብራችሁ ቁጠሩ። የእናቴ አንድ ወር በማንም መዝገብ አልገባም፤ የእኛ አባላት ቀን ግን በማኅበራችን መዝገብ ይግባ።