መርማሪና ፈራጅ፦ ከ1966ቱ መርማሪ ኮሚሽን ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴዎቻችን



ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ነበርሁ። ጉዳዩ የንብረት ጉድለት ነው። የተከሳሹ መልስ ገና ሳይደርሰን የበላይ ኃላፊው አስጠርተውን «የቅጣቱን ነገር መቼ ነው የምትጨርሱልኝ?» አሉን። ማጣራቱን አላሉም። አንዳችንም አላረምናቸውም፤ ዝም ካልነው አንዱ እኔ ነኝ። ሙያዬ ታሪክ ነውና ያ ዝምታ ወደ 1966 ዓ.ም. መለሰኝ።

ከዚያ በፊት ስለ ቆየው ልማዳችን ጥቂት ልበል። በአፈርሳታ የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ አጥፊው ካልታወቀ ዕዳው የሁሉም ይሆናል። በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣው ልጅ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሁለቱንም ባንድነት «ኋላ ቀር» ብሎ ማለፍ ተለምዷል፤ እኔ አልስማማም። አፈርሳታ ከነግፉም ቢሆን ሰውን ይጠይቃል። በሌባ ሻይ ግን መመርመርና መፍረድ አንድ ቅጽበት ናቸው።

በ1966 ዓ.ም. የልጅ እንዳልካቸው መኰንን ካቢኔ ሥልጣን ላይ ሳለ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰብሳቢው መስፍን ወልደ ማርያም ሲሆኑ፣ በረከት ኀብተ ሥላሴም ከአባላቱ አንዱ ነበሩ። ኮሚሽኑ የቀድሞ ባለሥልጣናትን በደል፣ በተለይም በወሎ ረኃብ የነበረባቸውን ኃላፊነት እንዲመረምር ታዘዘ፤ መፍረድ የፍርድ ቤት ነው። ሥራው ከሕዝቡ ቁጣ እኩል ሊፈጥን አይችልም ነበር። ረኃቡን መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው? ለማን አስታወቀ? ወረቀቱ በማን ጠረጴዛ ላይ ቆየ? እነዚህ ጥያቄዎች የሚመለሱት የአንዱን ቃል ከሌላው ቃል፣ የሁለቱንም ከመዝገብ ጋር በማስተያየት ብቻ ነው።

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ እስር ቤት ሆነው ለኮሚሽኑ የጻፉት ቃል በኋላ «የአክሊሉ ማስታወሻ» ተብሎ ታትሟል። ለተማሪዎቼ ሳስነብበው፣ ጽሑፉ የተከሳሽ መልስ መሆኑን እንዳይዘነጉ አስጠነቅቃለሁ፤ ራሱን የሚከላከል ሰው የሚናገረውንና የሚያልፈውን ይመርጣል። ችግሩ ግን ያንን መልስ ሊመዝን የሚገባው ብይን አለመኖሩ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ፣ አክሊሉንና እንዳልካቸውን ጨምሮ፣ በተለምዶ «ስልሳዎቹ» የሚባሉትን ሰዎች ያለ ፍርድ ገደለ። ኮሚሽኑ ሥራውን አልጨረሰም ነበር። በዚያው ኅዳር ልዩ የጦር ፍርድ ቤት የሚያቋቁም ዐዋጅ ወጥቷል፤ ወደዚያም እንኳ አልቀረቡም። ስለ ግድያው ብዙ ተጽፏል፤ በምርመራው ላይ ስላደረሰው ጉዳት ግን እምብዛም አይነገርም። ከተገደሉት መካከል የነበሩት ተመርማሪዎች ምስክሮችም ነበሩ። አንዱ ሚኒስትር በሌላው ላይ ሊሰጥ የሚችለው ቃል አብሮት ተቀበረ።

ዛሬ ሕጋችን ሁለቱን ሥራዎች ለይቷቸዋል። በደንብ ቁጥር 77/1994 መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ክሱን በጽሑፍ ያደርሳል፣ መልስና ማስረጃ ይሰማል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው የበላይ ኃላፊው ነው። በዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚተዳደሩ ድርጅቶች ደግሞ አሠሪው ጥፋቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ሠራተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያ ካላሰናበተ መብቱ ይቀርበታል። ገደቡ ሠራተኛውን በስጋት ከመንጠልጠል ያድነዋል፤ ለሰነፍ መርማሪ ግን የጥድፊያ ሰበብ ይሆነዋል።

ወደ እኛ ኮሚቴ ልመለስ። ሰውየው ተሰናበተ። ከወራት በኋላ የዕቃ ግምጃ ቤቱ መዝገብ እንደገና ሲታይ፣ ንብረቱ በወጣበት ቀን የእርሱ ያልሆነ ፊርማ ተገኘ። የማን እንደሆነ ሊነግረን የሚችለው የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ እርሱ ብቻ ነበር። ደብዳቤ ጻፍንለት፤ መልስ አልሰጠንም።