የስንቁ ባለቤት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ ወርዶ ይጁቤ የደረሰ ሰው፣ ደጋው እየተቆረሰ ወደ ዓባይ በረሃ ሲያዘቀዝቅ ይመለከታል። ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ የሆነችው ይጁቤ በ19ኛው መቶ ዘመን ስሟ የናኘ ገበያ ነበረች። ከዓባይ ማዶ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይመጣባት፣ በባርነት የተሸጠ የሰው ልጅም ይነዳባት፣ አሞሌ ጨው ይሄድባት ነበር። ነጋዴ የሚሻገርበት መልካ ጦርም የሚሻገርበት ነውና፣ በዚህ አገር የተወለደ ገበሬ ስለ ጦር ስልት መጽሐፍ ሳያነብ ብዙ ያውቃል። ጦር ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠየቀው የእሱ ጎተራ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሠራዊትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ትናንት ያሸነፈበትን ስልት እንደ ርስት አቅፎ ለነገው ጦርነት ይሰለፋል። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ያደረገው የክተት ሠራዊት ከ40 ዓመት በኋላ ማይጨው ላይ ሲቆም ጀግንነቱ አልጎደለበትም፤ ጠላቱ ግን ሌላ ሆኖ መጥቶ ነበር። በስዊድን መኮንኖች የሚመራው የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ሥራ የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ መረብን የተሻገረው ደግሞ መስከረም 1928 ዓ.ም. ነው። ለመማር የቀረው ጊዜ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም።

ይሁን እንጂ ያልተማረ ሠራዊት ሁሉ መማር የማይችል ሠራዊት አይደለም። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ የጎጃም ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ከተባለው በር ላይ ከኢጣሊያ ቀላል ታንኮች ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። አብዛኛው ወታደር ታንክ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ነገር ግን የዚያ ታንክ መትረየስ ከፊቱ የተተከለ እንጂ ወደ ኋላ የሚዞር አለመሆኑን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ከኋላው እየዞረ፣ ከላዩ እየወጣ ተዋጋው፤ ማረከውም። ጠላት የሰጠው መልስ ከሰማይ የሚወርድ የመርዝ ጋዝ ነበር። ኢጣሊያ ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የጄኔቫ ውል በ1925 እ.ኤ.አ. ፈርማ ነበር። ታንክን በብልኃት መክበብ ይቻላል፤ የሚተነፍሱትን አየር ግን ማን ይከብበዋል?

ማይጨው ከተፈታ በኋላ ነው እንግዲህ እውነተኛው ለውጥ የመጣው። ጎጃም በመጀመሪያው ዓመት ጸጥ ብሎ ከረመ። ጠላት መሣሪያ አምጡ ማለት ሲያበዛ፣ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋም ወሬው በየአገሩ ሲዳረስ፣ አገሩ ተነሣ። በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ኃይሉ በለው በየአካባቢያቸው ጦር አበጁ። ነጋሪት ተጎስሞ በአንድ ሜዳ መሰለፍ ቀረ። ምንሽርና ውጅግራ የያዘ ገበሬ ሌሊት መንገድ ይቆርጣል፣ ስንቅ ጫኝ ይመታል፣ ሲነጋ ማረሻውን ይጨብጣል። በየከተማው የተቀመጠው የውስጥ አርበኛ የጠላትን ምስጢርና ጥይት ያሾልክለታል።

ጠላትም አልተኛም። በ1930 ዓ.ም. ግራዚያኒ ተሽሮ የአኦስታው መስፍን ሲተካ፣ ከጅምላ ግድያው ጎን ለጎን ሹመትና ገንዘብ ማደል ተጀመረ። ምሽግ በምሽግ ላይ ተሠራ፤ ባንዳ ተመለመለ። በኋላም ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን እንዲያረጋጉ ደብረ ማርቆስ ተመለሱ። ይሁን እንጂ ምሽግ ወታደሩን ቢያድን አገሩን አልገዛም፤ ከምሽጉ ግንብ ውጭ ያለው መሬት የአርበኛው ሆኖ ቀረ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። ከእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት ጋር የዘመተው የጌዴዎን ጦር ሱዳናውያንንና ከስደት የተመለሱ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከ2000 አይበልጥም ነበር። ስሙን ያገኘው በመጽሐፈ መሳፍንት በ300 ሰው ብዙውን ካሸነፈው ከጌዴዎን ነው። ስንቁን የጫኑት ግመሎች የጎጃምን ደጋ አልቻሉትም፤ በሺዎች አለቁ። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበልጣል እንደሚባለው፣ ጥቂቱ ብዙ መስሎ እየታየ፣ ሌሊት እየተኮሰ፣ ቀን እየተሰወረ ቡሬን አስለቀቀ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከዚያ የሸሸው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ሳይዘጋበት ዓባይን ተሻገረ። መልካው ለምን እንዳልተዘጋ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጦሩ እጁን የሰጠው ግንቦት ላይ፣ ከዓባይ ማዶ አጊባር ላይ ነው። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህን ሲጽፉ ዊንጌትን ያነሣሉ። ምሽጎቹን ለአራት ዓመት ከብቦ ያደከማቸውን፣ እንጀራውንና በሶውን እያካፈለ፣ አንዳንዴም በግድ እየተወሰደበት አርበኛውን የመገበውን ገበሬ የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። አላበቃም። ከነጻነት በኋላ የተደራጀው ዘመናዊ ሠራዊት ኮሪያ ዘምቶ ተመሰገነ፤ የአየር ኃይሉም በአፍሪካ የተከበረ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. ግን ጎጃም አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ሲል ያ የአየር ኃይል በጎጃም መንደሮች ላይ ቦምብ ጣለ። ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ የኢጣሊያን አውሮፕላን ከዛፍ ሥር ተደብቆ ያሳለፈ ገበሬ፣ አሁን የራሱን መንግሥት አውሮፕላን ከዚያው ዛፍ ሥር ሆኖ አየ። መንግሥት በመጨረሻ ውዝፉን ግብር ማረ። ሠራዊቱ መሣሪያውን አዘምኖ ነበር፤ በማን ላይ እንደሚተኩስ የሚጠይቅበት ትምህርት ቤት ግን አልተከፈተለትም።

ዛሬ ደግሞ ዘመኑ የድሮን ነው። በዩክሬን ጦርነት አንድ ሰው በእጁ የሚያስነሣት ትንሽ ድሮን ብዙ ሚሊዮን ያወጣ ታንክ ስታቃጥል ዓለም አይቷል። በኛም አገር በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ድሮን ተሰማርቷል። በሰላማዊ ሰዎች ላይ ስለደረሰው ጉዳትም የተባበሩት መንግሥታትና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዘግበዋል። በደምበጉና ወታደሩ ታንኩን ከኋላው ዞሮ ያዘው፤ ድሮን ግን ከኋላም ከፊትም አይያዝም፤ የሚያስነሣውም ሰው የሚገድለውን ሰው ፊት ለፊት አያየውም።

እንግዲህ የሠራዊት መዘመን ማለት ምንድን ነው? አዲስ መሣሪያ መግዛት ከሆነ ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ከሁሉ የዘመነች ነበረች፤ ግን ጎጃምን አልገዛችም። መማር ማለት ከሆነ፣ መጀመሪያ መማር ያለበት ነገር ስንቁን የያዘው ማን እንደሆነ ነው። የይጁቤ ገበሬ ይህን ከማንም በፊት ያውቃል። ድል ያደረገውንም የተሸነፈውንም ጦር የመገበ እሱ ነውና።