ብስክሌትዎን ሞተር ከማስገጠምዎ በፊት

ተራ ብስክሌትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሞተሮች በሁለት ይከፈላሉ። ከጎማው መሐል የሚቀመጠው ርካሽና ለመግጠም ቀላል ነው። በፔዳሉ ቦታ የሚገባው ደግሞ ኃይሉን በካቴናው ስለሚያስተላልፍ የብስክሌቱን ማርሽ ይጠቀማል። ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ለሚወጣ ሰው የሚሻለው ይኸኛው ነው፤ ካቴናውን ቶሎ መጨረሱ ግን አይቀርም።

ባትሪ ሲገዙ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ያባዙ። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ፔዳል እየመቱ በሜዳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል፣ በዳገት ከዚያ ያነሰ።

ትልቁ አደጋ ያለው ሞተሩ ከፊት ጎማ ሲገጠም ነው። ሞተሩ ሲነሳ ዘንጉ ወደ ተቃራኒው ለመዞር ይታገላል። ዳዶው ከላላ ዘንጉ የሹካውን ጫፍ ሰንጥቆ ሽቦውን ይበጥሳል፤ ጎማው በጉዞ ላይ ሊወልቅም ይችላል። በአሉሚኒየም ሹካ ላይ ባይገጥሙት ይመረጣል። የብረት ሹካ ቢሆንም ዘንጉን ከሹካው ጋር አቆራኝቶ እንዳይዞር የሚይዘው ብረት መታሰር አለበት። ይህ ብረት ከሞተሩ ጋር ላይመጣ ስለሚችል ሳይከፍሉ ይጠይቁ። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላም ዳዶውን እንደገና ያጥብቁ።