የጄኮብ ሕግ እና ያልተመዘገበው ሰው

በወሲባዊ ጥቃት የተፈረደባቸው ሰዎች እስር ቤት ከወጡ በኋላ አድራሻቸውን እንዲያስመዘግቡ ያዘዘው የመጀመሪያው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጸድቅ የተሰየመው በ11 ዓመቱ ጄኮብ ዌተርሊንግ ስም ነው።

ኦክቶበር 22 ቀን 1989 ምሽት፣ በሚኒሶታዋ ትንሽ ከተማ ሴንት ጆሴፍ፣ ጄኮብ ከታናሽ ወንድሙና ከጓደኛው ጋር ቪዲዮ ተከራይተው በብስክሌት ሲመለሱ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ሽጉጥ ይዞ መንገድ ላይ አስቆማቸው። በሆዳቸው አስተኝቶ ዕድሜያቸውን ጠየቃቸው። ሁለቱን ወደ ጫካው እንዲሮጡ አዘዘና ጄኮብን አስቀረው።

እናቱ ፓቲ ዌተርሊንግ ፖሊስ የቀድሞ ጥፋተኞች ሙሉ ዝርዝር እንደሌለው ሲረዱ የሕግ አውጪዎችን ደጅ ጠኑ። የጠየቁት መዝገብ ለመርማሪዎች መሥሪያ የሚሆን ነበር። በ1994 በጋ ግን የ7 ዓመቷን ሜጋን ካንካን ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ቀድሞም የተፈረደበት ጎረቤቷ ገደላት። የሕዝቡ ቁጣ በ1996 መረጃው ለሕዝብ እንዲገለጥ አስገደደ። የመኖሪያ ክልከላም ተከተለ፤ አዮዋ በ2002 ሕፃናትን ያጠቁ ሰዎች ከትምህርት ቤት በ2,000 ጫማ፣ ማለትም በ600 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ እንዳይኖሩ ደነገገች። የራሷ ዐቃብያነ ሕግ ማኅበር በ2006 ክልከላው ልጆችን እንደማይጠብቅ፣ ሰዎቹንም ቤት አልባ አድርጎ ከፖሊስ ዓይን እንደሚሰውር አስታወቀ። ሕጉ በ2009 ጠበበ። ፓቲም ጥፋት የሠሩ ልጆች ሳይቀሩ መዝገቡ ውስጥ መግባታቸውን በአደባባይ ነቀፉ።

ጄኮብን ጠልፎ የገደለው ሰው የታወቀው በ2016 ነው። ጄኮብን ሲወስድ በወሲባዊ ወንጀል ተፈርዶበት ስለማያውቅ መዝገብ ቢኖርም ስሙ አይገኝበትም ነበር። ይሁንና ከሴንት ጆሴፍ ብዙም በማይርቀው ፔይንስቪል ከጠለፋው በፊት በነበሩት ዓመታት በርካታ ወንዶች ልጆች ጭምብል በለበሰ ሰው ተጠቅተዋል፤ ሰውየውም እዚያው ነዋሪ ነበር፣ መርማሪዎችም ገና ከጅምሩ አነጋግረውታል። በ2018 የስተርንስ ካውንቲ ሸሪፍ ዶን ገድመንድሰን የምርመራውን ሰነድ ሲለቁ ምርመራው መንገዱን ስቷል ብለው በግልጽ ተናገሩ። አንድ የቀድሞ የኤፍቢአይ መርማሪ ትችቱን ተቃውመዋል፤ የጥቃቶቹ መመሳሰል ግን ለሸሪፉ ያደላል። የፔይንስቪል ጥቃቶች አቤቱታ ሁሉ በወቅቱ ፖሊስ እጅ ነበረና።

ዛሬ በ50ዎቹም ግዛቶች የመዝገቡ ቢያንስ ከፊሉ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2000 ባወጣው ጥናት ግን ለፖሊስ ከተነገሩት በልጆች ላይ የተፈጸሙ ወሲባዊ ጥቃቶች ውስጥ ልጆቹ የማያውቁት ሰው ያደረሳቸው 7 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የቀሩትን የፈጸሙት የቤተሰብ አባላትና ልጆቹ የሚያውቋቸው ሰዎች ናቸው።