አመዱ የማይታይ ቃጠሎ

በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ በተካሄደበት ሰሞን፣ ብዙ ሰው ሌሊት ምድጃ አነደደ። ደብዳቤ፣ የስብሰባ ማስታወሻ፣ በራሪ ወረቀት፣ ከጓደኛ ጋር የተነሱት ፎቶግራፍ ሳይቀር እሳት ገባ። ያንን ዘመን ያየ ሰው ስለ ማጥፋት የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቃጠሎ በዐይን የሚታይ መሆኑ ነው። ወረቀቱ ጠቁሮ፣ ተጨማዶ፣ አመድ ሲሆን አይቶ ሰው ወደ መኝታው ይሄዳል። ሌላ ጣጣ ቢመጣም በዚያ ወረቀት በኩል አይመጣም።

ይህንን ያስታወሰኝ በ2024 እ.ኤ.አ. አንድ የቻትቦት አካውንቴን ለዘለቄታው ለመሰረዝ የተቀመጥኩበት ምሽት ነው። የእኅቴ ልጅ ለጥገኝነት ማመልከቻው የጻፈውን ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስለት ልኮልኝ ነበር። ጊዜ አጠረኝና ገጾቹን እንዳሉ ለማሽኑ ሰጠሁት። ትርጉሙ የሚያስነቅፍ አልነበረም። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ በጽሑፉ ውስጥ አገር ቤት ያሉ የሰባት ሰዎች ስም ከነሰፈራቸው ነበረና። በማግስቱ አካውንቱ ይሰረዝልኝ አልኩ። የይለፍ ቃሌን እንድደግም፣ እርግጠኛ መሆኔንም እንዳረጋግጥ ተጠየቅሁ። በመጨረሻ አጭር መልእክት ደረሰኝ፦ መረጃው በ30 ቀን ውስጥ ይጠፋል፤ ሕግ እንዲቆይ የሚያስገድደው ሲቀር። ያቺን የመጨረሻ ሐረግ ያኔ ልብ አላልኳትም።

ሰው ምስጢሩን ለማሽን መንገሩ የትናንት ነገር አይደለም። ጆሴፍ ዋይዘንባውም በ1923 እ.ኤ.አ. በርሊን የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን፣ ቤተሰቡ በ1936 ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ ገባ። እንደኛው ስደተኛ ነበር ማለት ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠራ በ1966 ኤላይዛ የተባለች ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ኤላይዛ የሚገባት ነገር አልነበረም፤ የሥነ ልቦና ሐኪም አነጋገር እንድትኮርጅ የተሠራች ነበረች። ሰው ስለ እናቱ ከጻፈላት፣ «እናት» የምትለዋን ቃል ይዛ ስለ ቤተሰቡ ተጨማሪ እንዲነግራት ትጠይቀዋለች፤ ከዚህ አታልፍም። ሆኖም የዋይዘንባውም የቢሮ ጸሐፊ፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ወራት ሙሉ ስትመለከት የኖረችው ሴት፣ ጥቂት ቃል ከተለዋወጠች በኋላ ብቻዬን ተወኝ፣ ከክፍሉ ውጣልኝ አለችው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ከዚያ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላው ገጠመኙ ነው። ዋይዘንባውም ሰዎች ከኤላይዛ ጋር የተለዋወጡትን ሁሉ ኋላ መመልከት የሚያስችለው ዘዴ ላበጅ ነው ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ የሰውን ገመና ልትሰልል ነው የሚል ውግዘት ወረደበት። በ1976 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን ራሱ ጽፎታል። እንግዲህ ያን ጊዜ ነውር ሆኖ የታየው ንግግሩን ማስቀመጥ ነበር። ዛሬ ማስቀመጡ የተለመደው አሠራር ሆኗል፤ ማመልከቻ የሚያስፈልገው ማጥፋቱ ነው።

አውሮፓውያን ይህንን በሕግ ለማቃናት ሞክረዋል። ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ጥበቃ ደንባቸው በአንቀጽ 17 ማንም ሰው ስለ እርሱ የተያዘው መረጃ እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ለሕግ ግዴታና ለፍርድ ቤት ክርክር የሚፈለገውን ግን ከዚያው አንቀጽ ሥር ለይቶ አውጥቶታል። አሜሪካ አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ የላትም፤ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች የየራሳቸውን አውጥተዋል።

የዚያች ሐረግ ክብደት የታወቀው በ2025 ነው። ኒውዮርክ ታይምስ የቻትጂፒቲን ባለቤት ኦፕንኤአይን በዲሴምበር 2023 በቅጂ መብት ከስሶ ነበር። በሜይ 13 ቀን 2025 የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ኦና ዋንግ፣ ኩባንያው ሊደመስሳቸው የነበሩትን የንግግር መዝገቦች ለማስረጃ እንዲያቆይ አዘዙ፤ ተጠቃሚው በገዛ እጁ የሰረዘው ጭምር ማለት ነው። ኩባንያው የተሰረዘ ንግግር በ30 ቀን ውስጥ እንደሚደመሰስ ለደንበኞቹ ይናገር ስለ ነበር ትእዛዙን ተቃወመ፤ አልሆነለትም። ለትላልቅ ድርጅቶች የሚሸጠው አገልግሎት በትእዛዙ አልተነካም፤ የተነካው ተራው ተጠቃሚ ነው። ግዴታው በሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 ቢነሣም፣ እስከዚያ ለብቻ የተቀመጠው ወዲያው አልጠፋም። እነዚያ ሰዎች ከሳሽም ተከሳሽም አልነበሩም። ዳኛዋን አልወቅስም፤ ማስረጃ እንዳይጠፋ ማድረግ የዳኛ ሥራ ነው። የምለው፣ «ለዘለቄታው» የሚለው ቃል ለቃሉ ሰጪም እንኳ በእጁ ያለ አለመሆኑን ነው።

እኔ የተገለገልኩበት ቻትቦት የሌላ ድርጅት ስለ ሆነ ትእዛዙ አልደረሰብኝም። ቢሆንም ነገሩን ስከታተል ሌላም ተማርኩ። ፕሮግራሙን ከስልክ ማንሣት አካውንቱን መሰረዝ አይደለም፤ ንግግሩ የሚቀመጠው በድርጅቱ ዘንድ ነውና። ከዚህም የከፋው፣ ተጠቃሚው እንዳይሆን ካላለ በስተቀር ንግግሩን ማሽኑን ለማስተማር የሚጠቀሙበት ድርጅቶች መኖራቸው ነው። አንዴ ለትምህርት የዋለ ጽሑፍ ወጥ ውስጥ እንደ ገባ ጨው ነው፤ መዝገቡ ቢሰረዝ እንኳ ማሽኑ ከእርሱ የቀሰመውን ለይቶ የሚያወጣ አስተማማኝ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። የብራና መጽሐፍ የገዛ ሰው የቀድሞውን ባለቤት ስም በቢላዋ ፍቆ የራሱን ያስጽፍ ነበር፤ ቆዳው ግን የተፋቀውን ስም ጥላ ይዞ ይቀራል።

ያን ሰሞን የእኅቴ ልጅ ደወለ።

«ጋሼ፣ ጠፋ?»

«በሠላሳ ቀን ውስጥ ይላሉ» አልኩት።

ጥቂት ዝም ብሎ ስለ ቀጠሮው ቀን አጫወተኝ። ከዚያ ወዲህ የሚልክልኝን እኔው መዝገበ ቃላት አስቀምጬ እመልሳለሁ። የሰዎቹን ስም ባዶ ትቶ ይልክልኛል፤ ተርጉሜ ስመልስለት በእጁ ይሞላዋል።