ኦንቶሎጂ በሶፍትዌር ወኪሎች ንግግር

ኦንቶሎጂ ማለት፣ በኮምፒዩተር ጥበብ ዘንድ፣ በአንድ የዕውቀት ክፍል የሚነገርላቸው ነገሮች ምን ምን እንደ ሆኑ፣ በምን ባሕርይ እንደሚለዩና በምን ዝምድና እንደሚተሳሰሩ፣ ሰውም ኮምፒዩተርም ሊያነበው በሚችል አኳኋን ተጽፎ የሚደነገግ ሥርዓት ነው። ነገረ ህላዌን መመርመር ከአርስጣጣሊስ ዘመን ጀምሮ የፈላስፎች ግብር ሆኖ ቢኖርም፣ ለዚህ ለአዲሱ ጥበብ የሚስማማውንና ብዙዎች የተቀበሉትን ፍቺ የሰጠው ቶማስ ግሩበር እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

የሶፍትዌር ወኪል የሚባለው፣ የተሰጠውን ዓላማ ለመፈጸም፣ ሰው በየጊዜው ሳያዘው በራሱ የሚንቀሳቀስ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያሉት ወኪሎች በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ የተሠሩ በመሆናቸው፣ መልእክቱ አንዲት ፊደል ሳይጎድልበት ከአንዱ ወደ ሌላው ቢደርስ እንኳ ምሥጢሩ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ነገሩ የወኪሎች ባይሆንም፣ የዚህ ጉድለት መዘዝ ምን ያህል እንደሚከብድ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 መጥፋቷ ያስረዳል፤ በምድር ያለው አንደኛው ሶፍትዌር የሞተሮቿን ግፊት በእንግሊዝ መለኪያ በፓውንድ አስልቶ ሲያስተላልፍ፣ ተቀባዩ ቁጥሩን በኒውተን የተሰፈረ አድርጎ ስለ ወሰደው፣ ግምቱ ከእውነተኛው ግፊት ከሩብ ያነሰ ሆነ። መለኪያው ኒውተን እንዲሆን የሚያዝ ሰነድ አስቀድሞ ተጽፎ ነበረ፤ ዳሩ ግን ትእዛዙ በሰዎች መዝገብ ተቀመጠ እንጂ ከቁጥሩ ጋር አልተጓዘም።

እንዲህ ያለው አለመግባባት በወኪሎች መካከል እንዳይደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ድርጅት በዳርፓ ድጋፍ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ኬ.ኪው.ኤም.ኤል. የተባለውን የወኪሎች መነጋገሪያ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ፊፓ የተባለው የወኪሎች ደረጃ አውጪ ማኅበርም በኋላ የራሱን መነጋገሪያ ደነገገ። ሁለቱም ፈላስፎቹ ኦስቲንና ሰርል ስለ ንግግር ካስተማሩት ተነሥተው፣ መጠየቅን፣ ማስታወቅንና መለመንን ከመልእክቱ ፍሬ ነገር ለይተው ያቆማሉ፤ በመልእክቱም ላይ ከላኪውና ከተቀባዩ ስም ጋር፣ ቃላቱ የሚፈቱበት ኦንቶሎጂ በስሙ ይጠቀሳል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ግን፣ ግሩበር እንዳስረዳው፣ ኦንቶሎጂን የተቀበሉ ወኪሎች በውስጣቸው አንድ ዓይነት ዕውቀት ይኑራቸው አለመባሉ ነው፤ ግዴታቸው በሚጠይቁበትና በሚመልሱበት ጊዜ የጋራውን ቃል ከተደነገገው ፍቺ ሳያፋልሱ መናገር ብቻ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ የራሱን አሠራርና የራሱን መዝገብ እንደ ጠበቀ ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም አቀፉ ድር ማኅበር ያጸደቀው ኦ.ደብሊው.ኤል. ለዚህ ሥራ በሰፊው ከተለመዱት የኦንቶሎጂ መጻፊያ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ በግልጽ ያልተጻፈውን ከተጻፈው አመዛዝኖ ለማውጣት፣ እንዲሁም በአንዱ ኦንቶሎጂ ያለው መደብ በሌላው ካለው ጋር አንድ መሆኑን ለመመስከር ያስችላል። ይህ የማዛመድ ሥራ ታላቅ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ ሁለት መደቦች በስም ስለ ተመሳሰሉ ብቻ አንድ ናቸው ተብሎ ቢጻፍ፣ ወኪሉ ስሕተቱን እንደ እውነት ተቀብሎ በየድምዳሜው ሁሉ ያደርሰዋልና።